በግራ የተገጠመ በር

በልጅነቴ ከልቤ የጠላሁት ሰው አንድ ብቻ ነበር። ስሙን አላውቅም ነበር፣ ፊቱንም አይቼው አላውቅም ነበር። በቴሌቪዥናችን ውስጥ ግራጫ ኮፍያ አድርጎ የሚዞር ሰው ነው። «አፍራሹ» የሚል ስም አወጣሁለት፤ አባቴ የሠራውን በር እየመጣ ይነቅልብን ነበርና።

አባቴ ከሥራ ሲገባ እጁን ይታጠባል፣ እራቱን ባቡር የሚያመልጠው ይመስል ጎራርሶ ይጨርስና ጆይስቲኩን ያነሳል። እኔ ከጎኑ ልጥፍ እላለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት ማሽኗ መስኮቱ ሥር ስለነበር ጀርባዋን ሰጥታን፣ ከማሽኗ ጋር የምታወራ መስላ እኛን ትናገራለች።

«ሰው ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲቆርጥ ውሎ ማታ ደግሞ የውሸት እንጨት ይቆርጣል? እኔ ማታ ማታ የውሸት ቀሚስ ብሰፋ ምን ልትሉኝ ነው?»

«አምሮብሻል እንልሻለና!» ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ጌሙ መንደር የመሥራት ጌም ነው። ጫካ ገብተህ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ትጠርባለህ፣ ታቆማለህ፣ ጣሪያ ታለብሳለህ። ጠላት የለውም፣ ጥይት የለውም፤ የክፍሌ ልጆች ይህን ሲሰሙ መሳቂያ አደረጉኝ። ያመጣችልን የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አክስቴ የሞባይልና የጌም ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ከዚያ በፊት የነበሩን ሲዲዎች ይከተታሉ፣ ይሠራሉ፣ በቃ። ይሄኛው ግን ሲዲው ገብቶም ቢሆን በኢንተርኔት ከሆነ ቦታ ፈቃድ ካልመጣ ንቅንቅ አይልም። መስመር በተቋረጠ ቁጥር መንደሩ ከነቤቱ ከነዛፉ ድርግም ይላል።

አባቴ መጀመሪያ ቀን ተቆጣ። «ሲዲውን ገዝቼ፣ ቤቱን በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ልገባ ስል ደግሞ የማንን ፈቃድ ነው የምጠይቀው?»

«ዘንድሮ ሁሉም እንዲህ ሆኗል፣ ወንድምዬ። ሲዲው ቁልፉ ነው እንጂ ቤቱ ያለው እዚያ ነው» አለች አክስቴ፣ በጣቷ ወደ ላይ እየጠቆመች። እኔም ብዙ ጊዜ መንደራችን ጣሪያው ላይ ያለ መስሎኝ ኖርኩ። «ደግሞ ጥሩ ጎን አለው። ብቻህን አትጫወትም።»

ይህን ስትል እሱን ሳይሆን ወለሉን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ በረንዳው ይዛው ወጣችና በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገረችው። አባቴ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ጆይስቲኩን ይዞ ቁጭ አለ እንጂ አልተጫወተም። ዋጋውን ሰምቶ የደነገጠ መሰለኝ፤ በቤታችን ሰው እንደዚያ የሚሆነው ዋጋ ሲሰማ ነበርና።

የዚያኑ ሳምንት ግራጫ ኮፍያ ያደረገው ሰው መንደራችን ውስጥ ብቅ አለ። መጥቶ ቆመ። የአባቴም ሰውዬ ቆመ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተገትረው ቀሩ።

«ለምን አትሄድም?» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ አባቴ። ዓይኑን ከግራጫው ኮፍያ አልነቀለም።

ሌሎች ሰዎች በማይክሮፎን እያወሩ እንደሚጫወቱ አውቃለሁ። እኛ ማይክሮፎን አልነበረንም። አክስቴ «በኋላ አመጣለሁ» እያለች ሳታመጣ ቀረች፤ ማይክሮፎን ከሚሸጥበት ሱቅ እየዋለች መርሳቷ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አልረሳችም።

አባቴ ቤቱን ሠርቶ በሩን ገጠመ። ግራጫ ኮፍያው ዙሪያውን ዞረው፣ መቃኑን አየ፣ በሩ ፊት ቆመ። ከዚያ በሩን ነቅሎ ማጠፊያውን ወደ ቀኝ አዙሮ መልሶ ገጠመው። እኔ ጮህኩ። አባቴ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? አፈረሰብህ እኮ!»

«አላፈረሰም፣ አስተካከለ። እኔ ነኝ በግራ የገጠምኩት።»

አባቴ ግራኝ ነው። በር ሲገጥም ለራሱ እጅ እንዲመቸው አድርጎ ነው የሚገጥመው፤ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ከበሩ ጋር ሳይጋጭ አይገባም። በሚሠራበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ በሩን የሚሰነጥቀውም የሚበሳውም ማሽን ስለሆነ ግራኝነቱን የሚጠይቀው የለም። በዚያ መንደር ግን እንደ ልቡ ነበር። ነጋ ጠባ በግራ ይገጥማል፤ አፍራሹ ነጋ ጠባ ወደ ቀኝ ይመልሳል። እኔ በስክሪኑ ላይ ምላሴን አወጣበት ነበር።

«አባረው በቃ» እለዋለሁ።

«እሱ ከሄደ መንደሩ ምን መንደር ነው?» ይለኛል።

አፍራሹ አያቴ ነበሩ። የአባቴ አባት።

አናጢ ናቸው፤ አባቴም ሥራውን የለመደው ከእሳቸው ነው። እኔ ሳልወለድ በፊት አብረው ነበር የሚሠሩት። ከዕለታት አንድ ቀን አባቴ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ለአባቱ ግን መናገር አቃተው። ሽርጡን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ እንደ ወትሮው «ደህና ይደሩ» ብሎ ወጣ፤ በማግስቱ አልተመለሰም። አያቴ ሁለት ሰው የሚያነሳው ትልቅ በር ጠረጴዛው ላይ ጀምረው ሲጠብቁት ዋሉ። ሌላ ጥፋት የለም፤ ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። «ይሂድ፣ ማን ከለከለው? ሳይነግረኝ ለምን?» ብለው ተቀየሙ። አባቴ በእፍረት ሸሸ፣ እሳቸው በኩራት ዝም አሉ፤ ዓመታት ሄዱ። እኔ አያቴን የማውቃቸው በሩቁ፣ ሰርግ ላይ ከወዲያኛው ጥግ ነበር።

አክስቴ ከአያቴ ጋር ነበር የምትኖረው። ጉልበታቸው አላሠራ ሲል ጌሙን አስለመደቻቸው፤ ሲዲውን ለሁለቱም ገዝታ መንደሩን በአባቴ ስም ከፈተችና አያቴን በእንግድነት አስገባቻቸው። «አንድ ደንበኛዬ ነው፣ ቤት መሥራት አይችልም፣ ያግዙት» አለቻቸው። ለአባቴ በረንዳው ላይ የነገረችው ይህንን ነበር፦ ግራጫ ኮፍያው አባባ ናቸው፤ አንተ መሆንህን አያውቁም፤ ካወቁ ጆይስቲኩን ይወረውሩታል።

አባቴም ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከአባቱ ጋር ትንፍሽ ሳይል እንጨት ቆረጠ።

አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ በባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ መጣ። አባቴ አክስቴን ጠራት። አንብባው ቦርሳዋን ሳታወርድ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አዲስ ጌም ስላወጡ የዚህን ሰርቨር፣ ፈቃድ የሚመጣበትን ኮምፒውተር፣ ሊዘጉት ነው።»

«መንደሩስ?»

«አብሮ ይጠፋል።»

«ሲዲውስ?»

«ሲዲው ይኖራል። አይከፍትም እንጂ።»

አባቴ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። የእናቴ ማሽን መስኮቱ ሥር ይንጫጫል።

«ንገረው በቃ» አለችው አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ነገሩ እኔን እንዳይገባኝ ብላ ነው አባቷን በአንቱታ ሳይሆን በ«እሱ» የምታወራው። «ከመዘጋቱ በፊት ሂድና በፊቱ ቆመህ ንገረው።»

«በመጨረሻው ቀን እነግረዋለሁ።»

«የመጨረሻውን ቀን አትጠብቅ፣ ወንድሜ።»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ልቤ ዘለለ። በመጨረሻ አባቴ አፍራሹን ልክ ልኩን ሊነግረው ነው! ቀኑ እስኪደርስ ቸኮልኩ። ለጓደኛዬ ሳይቀር ነገርኳት።

የመጨረሻው ዕለት አባቴ ከሥራ ሲገባ እራት አልበላም። ጃኬቱን ለበሰ፣ አወለቀ፣ እንደገና ለበሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትወጣለህ ወይስ ትገባለህ?» አለችው እናቴ። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እሷም አታውቅም ነበር፤ አባቴ እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አይናገርም።

«መጣሁ» ብሎ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ የግቢውን በር ይዞ ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰና ከነጃኬቱ ከጎኔ ተቀመጠ።

አፍራሹ መንደሩ ውስጥ ይጠብቅ ነበር። የመጨረሻው ቤት ጣሪያ አልቋል፤ የቀረው በሩ ነው። አባቴ በሩን አነሳና እንደ ልማዱ በግራ ገጠመው። ግራጫ ኮፍያው ቀረበ። እኔ መነቀሉን እየጠበቅኩ እጄን ጨበጥኩ። አልነቀለውም። ከፈተው። ገባ። ከውስጥ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው፣ ወጣ። በሩን እንደነበረ ትቶት ከአባቴ ሰውዬ ጎን መጥቶ ቆመ።

«ተወልህ! አሸነፍከው!» ብዬ ሶፋው ላይ ዘለልኩ።

አባቴ ፊቱ በሙሉ ረጥቧል። «አዎ፣ አሸነፍኩ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የአሸናፊ አልነበረም። ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ መንደሩ የለም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል።

«ሳትነግረው?» አልኩት በንዴት።

«ነገ» አለ።

ነገ ሥራ በዛ ተባለ። ከነገ ወዲያ ራሱን አመመው። ሳምንቱ እንደዚሁ በነገ አለቀ። አሁን አልፈርድበትም፣ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ያንን ሳምንት ባስታወስኩ ቁጥር እጁን ይዤ ልጎትተው ያምረኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የታጠበ ኮት የለበሱ ረዥም ሽማግሌ ቆመዋል። እናቴ ብድግ ስትል በጭኗ ላይ የነበረው ጨርቅ ከነመርፌው ወደቀ።

«አባባ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ!»

አያቴ አልገቡም። ደጃፉ ላይ ቆመው በራችንን ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት አደረጉት። ማጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄንንም እሱ ነው የገጠመው?»

«ማን ሊገጥመው ኖሯል! ስንገባ ስንወጣ ግንባራችንን ይለናል።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ፣ «አመመው እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ደህና ነው፣ አባባ። ሥራ ላይ ነው።»

«ማታ ማታስ?»

«ማታ ማታ ምን?»

«ያ… ጨዋታው። የቴሌቪዥኑ።»

የእናቴ ፊት በራ። ሽማግሌው ልጃቸው በጌም ጊዜውን ማጥፋቱን ሰምተው ሊገሥጹ የመጡ ነው የመሰላት፤ መልካም ዜና አላት።

«እሱንማ ትቶታል! እርግፍ አድርጎ ነው የተወው፣ ተመስገን ነው። አሁን ማታ ማታ ከእኛ ጋር ያወራል፤ ሰው ሆኗል።»

«ትቶታል» አሉ አያቴ።

«አዎ።»

«ምንም ሳይናገር?»

«ጌም አይደል እንዴ፣ አባባ? ምኑን ይናገሩታል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው «እደጊ» አሉኝ። መዳፋቸው ሻካራ ነበር። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ፤ እናቴ በመስኮቱ እስኪርቁ እያየቻቸው «እሰይ፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ» አለች። እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት። ፈገግ ብለዋል፣ መርቀውኛል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

አባቴ ማምሻውን ሲገባ እናቴ አባቱ መጥተው ስለ ጨዋታው መጠየቃቸውን በኩራት ነገረችው።

«ምን አልሻቸው?»

«ትቶታል አልኳቸዋ። ምነው?»

አባቴ ጫማውን ሊያወልቅ አጎንብሶ ነበር፤ እንዳጎነበሰ ቀረ። ማን መሆኑን አውቀውት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ክሩን አስሮ ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ከኋላው ሮጥኩ፤ ተመለሺ አላለኝም።

አያቴ የሚኖሩት በቀድሞው የሥራ ቤታቸው ጓሮ ነው። ቤቱ የኮላና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ ሥር ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የጌም ማሽን ሳይ ተገረምኩ፤ ሽማግሌ ጌም ይጫወታል ብዬ አስቤ አላውቅም። አክስቴ ሻይ አቀረበችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አባባ፣ እኔ አልዘጋሁትም» አለ አባቴ።

«ትተኸዋል ተባልኩ።»

«አልተውኩትም! ድርጅቱ ነው። ሰርቨሩን አጠፉት። ለሁሉም ሰው ነው የጠፋው።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አባባ» አለች አክስቴ።

አያቴ ተነሡ። ሲዲውን ከማሽኑ አውጥተው በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ያዙና ወደ አምፖሉ አቀኑት።

«ተጭሯል?»

«አልተጫረም።»

«ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም፣ አባባ።»

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ቤት ያለውን የኔን ዕቃ ማን መጥቶ ይዘጋዋል? በየት በኩል ገብቶ?»

  አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ያስረከቡት በር፣ ሠሪው ስለፈለገ ብቻ ከሰው ቤት ላይ ሲጠፋ አላዩም። እኔ የማውቀው ነገር መጣ ብዬ ደስ አለኝና፣ «ቤቱ እኮ ጣሪያው ላይ ነው ያለው!» አልኩ።

አያቴ ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ፤ ሳቁ። አባቴም ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

«ስትሄድ መሄድህን ንገረኝ እንጂ ምክንያት አትፍጠርልኝ። መንደሩ ያንተ ነው፤ ዘጋህ፣ ዘጋህ ነው።»

«አባባ፣ የዚያን ቀን ልመጣ ተነሥቼ…»

«ግድ የለም። ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

በለስላሳ ድምፅ ነው የተናገሩት። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላለቀሰም፤ ሻይ ተጠጣ። ለእኔ እርቅ ማለት ይህ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ «አያት አለኝ፣ ከአባቴ ጋርም ታረቁ» ብዬ አወራሁ።

ከዚያ በኋላ እንጠያየቅ ነበር። በዓመት በዓል እንሄዳለን፤ «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» «ይመስገን።» «ሥራ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» ሻይ ይጠጣል። አባቴ አንዴ አዲሱን ጌም ይዞላቸው ቢሄድ «ደግሞ ይዘጋ ብለህ ነው?» ብለው በእጃቸው ገፋ አደረጉለት። ሁለቱ ሰዎች እንደ ጨዋ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ጎረቤት መሆናቸው ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ዛሬ ልጆቼ የሚጫወቱት ጌም ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደሌላው ያልፋሉ። እኔ አልችልም፣ ይቆረቁረኛል።

አያቴ ያረፉት እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰው ተበትኖ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴና እኔ የተከራየናቸውን ወንበሮች እየደረደርን ነበር። አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ከመጀመሪያው በር ጀምሮ ነው ያወቁህ። ገና እንዳዩት ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ ጥለው ‘ይሄ የኔ ግራኝ ነው’ አሉ። ለሱ እንዳትነግሪው፣ ካፈረ ይሸሻል አሉኝ። አንተም አትንገሪያቸው ብለኸኝ ነበር። እኔ ሞኟ መሐል ሆኜ፣ አንድ ቀን ራሳችሁ ትናገራላችሁ ብዬ ጠበቅኩ።»

አባቴ የያዘውን ወንበር አላስቀመጠውም።

«ደግሞ ያዋሩህ ነበር። ማታ ማታ። አንተ እንደማትሰማ እያወቁ፣ ቴሌቪዥኑን እያዩ። ‘አይ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም፣ ወደዚህ ነው’ ይላሉ። ‘ደክሞህ ይሆናል፣ ዛሬ ተው፣ ነገ እንጨርሰዋለን’ ይላሉ። ድምፅ ለድምፅ ከተገናኛችሁ ትጣላላችሁ ብዬ ነበር ማይክሮፎን ያላመጣሁት። ሱቁ ሙሉ ማይክሮፎን ነበር፣ ወንድሜ፤ ሱቁ ሙሉ።»

ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ወንበሩን ዘርግቶ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ሌላስ ምን አሉ?»

ነገረችው። በመጨረሻው ቀን በሩን ሳይነቅሉ ሲገቡ «ለካስ ይህም ያስገባል» ማለታቸውን ነገረችው።

«ሌላስ?»

ስለ ጣሪያው ያሉትን፣ ስለ እንጨቱ ያሉትን ነገረችው። ጊዜው ሩቅ ነው፤ የምታስታውሰው አለቀ። ከዚያ መፍጠር ጀመረች፤ አያቴ በዕድሜያቸው የማይናገሩትን የሚያምር ቃል ትደረድር ጀመር። እኔ አወቅኩባት። አባቴም አውቆባታል፤ አባቱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃቸዋል።

«ሌላስ?» አላት፣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ።